ጉዳዩ፦ አድራሻዎን ይመለከታል

ለክቡር የኪዩኢሙ (ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ፋይል አድራሻ
ባሉበት (የት እንዳሉ እርስዎም ካወቁ)

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ባለፈው ሐሙስ እዚህ ጅማ፣ አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ውስጥ የሂሳቡን ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ኮምፒውተር) ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ላዛውር ገባሁ። አሮጌው ሴንትኦኤስ፣ አዲሱ ኡቡንቱ። ሁለቱም ሊኑክስ፣ ሁለቱም ቨርቹዋል ማሽን የሚያሠሩት በኬቪኤም። «ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው» አልኩ። ወይ አፌ! ዲስኩን ገለበጥኩ፣ የማሽኑን ኤክስኤምኤል (እርስዎ የተጻፉበትን የማሽኑን መግለጫ ፋይል) አስገባሁ። ባለቤቱ፣ ሂሳብ ሠራተኛዋና ገንዘባቸውን ሊቀበሉ የመጡ ሁለት አቅራቢዎች ከኋላዬ ቆመዋል። አስነሣሁት። እርስዎም «/ዩዘር/ሊብኤክሴክ/ኪዩኢሙ-ኬቪኤም፦ እንዲህ ያለ ፋይል የለም» አሉ።

ባለቤቱ ጮክ ብለው አነበቡት። «ፋይሉ የለም? ሂሳቤ ጠፋ ማለት ነው?» ሂሳብ ሠራተኛዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንደኛው አቅራቢ ደግሞ «መጀመሪያ የኔን ክፈሉኝና ከዚያ ይጥፋ» አሉ።

የጠፋ ነገር የለም። ኡቡንቱ እርስዎን «/ዩዘር/ቢን» ውስጥ አስቀምጦ ስምዎንም ቀይሮታል፣ በቃ። ይህን ለቡና ነጋዴ አስረዱ እስቲ! ጅማ ላይ የቤት ቁጥሩን የሚያውቅ ማን አለ? «ከአጂፕ ወረድ ብለህ ጠይቅ» እንባባላለን፤ እንገናኛለን። እርስዎ ግን ሙሉ አድራሻ ይዘው ጠፉ።

ኤክስኤምኤሉ ውስጥ እርስዎ ያሉባትን መስመር አስተካከልኩ። ቀጥሎ ፋየርምዌሩ (ማሽኑን መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው ፕሮግራም) የለም ተባልኩ። አሮጌው ላይ «ኢዲኬ2» የሚባል አቃፊ ውስጥ ነበር፤ አዲሱ ላይ «ኦቪኤምኤፍ» በሚባል፣ ያውም በትልልቅ ፊደል። ከዚያ የማሽኑ ዓይነት የሬድሃት (የሴንትኦኤስ ወገን) ስለሆነ ኡቡንቱ አላውቀውም አለ። የዲስኩ ፋይል ባለቤት ተደርጎ የሚመዘገበው የተጠቃሚ ስምም ይለያያል፤ የእሱን ወሬ ትቼዋለሁ።

ቆይ ግን፣ አንተ! ሰርቨሩ ኪዩኢሙ የት እንዳለ ያውቃል። ያቺን መስመር ባጠፋት ሊብቨርት (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ራሱ ይሞላታል። ፋየርምዌሩንም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል። ታዲያ የድሮ ቤትህን አድራሻ ለምን ተሸክመህ ትመጣለህ? ሰው ቤት ሲቀይር በሩን ነቅሎ ይሄዳል? በአንተ የተነሣ ሰው ፊት ሌባ መሰልኩ እኮ!

ይቅርታ፣ አንቱታዬን ረሳሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአርች ሊኑክስ፣ ለሌላው የሊኑክስ ዓይነት (የእርስዎ አቃፊ ደግሞ ሌላ ነው አሉ)
ለአንደኛው አቅራቢ (ሂሳብዎ ተገኝቷል፤ ነገ ይምጡ)