ውዳሴ ለመሠረት ድንጋይ

የዓለምን ምርጥ ሆስፒታል ሰሞኑን አይቼ መጣሁ። ወረፋ የለውም። ወለሉ ያብረቀርቃል። የግቢው ዛፎች አድገው ጥላ ጥለዋል። አምቡላንሷ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ሁሌም ዝግጁ ናት። ነርሶቹ ፈገግ እንዳሉ ናቸው፤ ደመወዝ ዘገየብን የሚል ድምፅ አልሰማሁም። ብቻ ቁመታቸው ከጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ሆስፒታሉ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መስታወት ሣጥን ውስጥ።

የተጠራነው ለመሠረት ድንጋይ ነው። ድንኳን ተተክሏል። ጭቃው ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። አካፋው አዲስ ነው፤ እጀታው ላይ ሪባን ታስሮለታል፣ የዋጋ ወረቀቱ ገና አልተላጠም። ድንጋዩ ላይ የተጣለው ጨርቅ ሲገለጥ የክቡራኑ ስምና ማዕረግ በትልቁ፣ «ሆስፒታል» የምትለዋ ቃል ከሥር በትንሹ ተቀርጻ ታየች። አጨበጨብን።

እኔ የመሠረት ድንጋይ እወዳለሁ። ከሆስፒታል ክፍሎች ሁሉ የማይታማው እሱ ብቻ ነው። መድኃኒት አለቀበት አይባልም። ራጅ ማንሻው ተበላሸ አይባልም። ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ፣ ሐኪሙ ስብሰባ ገባ፣ አልጋ የለም ሌላ ቦታ ሞክሩ፣ ይህ ሁሉ እሱን አይመለከተውም። ዝም ብሎ ይቀመጣል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ያማረረው ሰውዬ ነገሩ አልገባውም ነበር። የሰማይ ላም እኮ መኖ አትጠይቅም።

የመድረኩ መሪ «የመንግሥትና የግል ዘርፍ አጋርነት» የሚለውን ደጋግሞ ሲል ምላሱ ደከመ መሰለኝ፣ ወደ መጨረሻው ላይ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ፒፒፒ» ይለው ጀመር። ስትሰሙት የመኪና ጥሩንባ ይመስላል። ትርጉሙም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ዞር በሉ ማለት ነው።

አሠራሩ ግን የሚያስቀና ነው። ጥቂት ኩባንያዎች ይሰባሰቡና ለዚሁ ጉዳይ ብቻ አንድ ኩባንያ ያቋቁማሉ። እሱ ይበደራል፣ ይነድፋል፣ ይገነባል፣ ከዚያ ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ አንዳንዴም ሠላሳ ዓመት ሕንፃውን ይንከባከባል። መንግሥት ደግሞ በየዓመቱ ይከፍላል። ውሉ ሲያልቅ ሕንፃው ለመንግሥት ይመለሳል። እስከዚያ የፈረሙት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል፤ የሚወቅሳቸው ሰው ራሱ ገና አልተወለደም። ከዚህ የበለጠ አርቆ አሳቢነት ከየት ይመጣል?

በርግጥ መንግሥት ራሱ ቢበደር ብዙውን ጊዜ ወለዱ ይረክስለታል። ችግሩ፣ እንዲያ ሲሆን ዕዳው መዝገብ ላይ ጉልህ ብሎ ይታያል። አያምርም። በፒፒፒ ሲሆን ግን ዕዳው ስሙን ይቀይርና «ዓመታዊ የአገልግሎት ክፍያ» ይባላል። ስም የቀየረ ዕዳ ደግሞ የት ይታወቃል!

እዚህ ላይ ነገረኛ ሰው «ታዲያ ለምን ውዱን መረጣችሁ?» ይላል። መልሱ በአንድ ቃል ነው፦ ሥጋት። ግንባታው ቢዘገይ፣ ወጪው ቢንር፣ ጣሪያው ቢያፈስ የኩባንያው ራስ ምታት ነው። ሥጋቱን ሸጥንለት ማለት ነው። ስንት ያወጣል? ይህን የሚያውቁት አማካሪዎች ናቸው። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ዋና ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2014 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዚህ መንገድ የተሠሩ 74 ፕሮጀክቶችን አገላበጠች። መንግሥት ራሱ በአግባቡ ቢያሠራቸው ኖሮ በሚቆጠረው ወጪ ወደ 8 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር የሚጠጋ ይተርፍ ነበር አለች። ፕሮጀክቶቹን የሚመራው የክፍለ ግዛቱ ድርጅት ግን መልስ ነበረው። በመንግሥት እጅ ቢሆን ሥጋቱ አምስት እጥፍ ያህል ይሆን ነበር፤ ስለዚህ አትርፈናል። ይህ አምስት እጥፍ ከየት መጣ ተብሎ ሲፈለግ ማስረጃ የሚሆን መረጃ ጠፋ። የውጭ አማካሪዎቹ ከልምዳቸው ተነሥተው የገመቱት ነው። እኔ ይህን አደንቃለሁ። የእኔ ልምድ እስካሁን አምስት ሳንቲም አትርፎልኝ አያውቅም።

እዚያው ኦንታሪዮ፣ ብራምፕተን ከተማ ውስጥ፣ በዚሁ ዘዴ የተሠራ ሆስፒታል በ2007 ተከፍቷል። 608 አልጋ ይኖረዋል የተባለው በ479 ሥራ ጀመረ። የቀሩት አልጋዎች ምን ሆኑ አትበሉኝ። አልጋ ባነሰ ቁጥር ተኝቶ የሚታከም ሰው ያንሳል፣ ተኝቶ የሚታከም ሰው ሲያንስ ሕዝቡ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ስሌቱ ንጹሕ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የአጋርነት ነገር ሲነሣ ሁሌም የምትጠቀሰው ይህቺ ናት፤ የዚያን ዕለትም ከመድረኩ ላይ ተጠቅሳለች። በውሉ ላይ ግን አንዲት ትንሽ የአጻጻፍ ማሻሻያ ተደርጎላታል። ጌጡ ለአንዱ፣ ሸክሙ ለሃምሳው።

ማስረጃ ካስፈለገ የዚህ ጥበብ አገር ብሪታንያ አለች። በ1992 ጀመሩት፣ ተከታዮቹም መንግሥታት ወደዱት። በ2018 መጀመሪያ የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ሲቆጥር ከ700 በላይ ውሎች አገኘ፤ ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ መንገዱም፣ እስር ቤቱም ተደምሮ። የተገነባው ነገር ዋጋ 60 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። እስከ 2040ዎቹ ድረስ ገና የሚከፈለው ደግሞ 199 ቢሊዮን ፓውንድ። እንክብካቤውና ጽዳቱም የገባበት ነው፤ አንኮንን። እንዲህ ያለ ጽዳት ግን ቤቴ ቢገባ ጫማዬን አውልቄ በር ላይ አድር ነበር።

በዚያው በ2018 መጀመሪያ ካሪሊየን የሚባለው ግዙፍ ኮንትራክተር ከሰረ። በእጁ ላይ ሁለት ሆስፒታሎች ነበሩ። የሊቨርፑሉ በ2017 ሊከፈት ቀጠሮ ተይዞለት ነበር፤ ተሸካሚ ቢሞቹ ላይ ስንጥቅ ተገኘ፣ ሥራው ቆመ፣ በመጨረሻ በ2022 ተከፈተ። በርሚንግሃም አጠገብ ያለው ደግሞ በ2018 ሊከፈት ታስቦ በ2024 ተከፈተ። የሁለቱም ውል ፈርሶ ቀሪውን ያስጨረሰው መንግሥት ነው። ባለሀብቶቹም ከስረዋል፤ ይህን አለመጥቀስ ግፍ ይሆናል። ግን ያ ከፍለን የሸጥነው ሥጋት ሻንጣውን ይዞ ተመልሶ በራችንን አንኳኳ። ሥጋት አገሩን አይረሳም። ብሪታንያም ካሪሊየን በከሰረበት በ2018 ከዚህ በኋላ አዲስ ውል አልፈርምም አለች። ትልቅ ስንፍና! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከተማሩ በኋላ ሊመረቁ ሲሉ ማቋረጥ።

ሌሶቶ ደግሞ አለች፣ ትንሿ። ዋና ከተማዋ ማሴሩ ላይ የንግሥት ማሞሃቶ ሆስፒታል በ2011 ተከፈተ፤ ለ18 ዓመት ውል ታስሮ። ሆስፒታሉን የያዘው የኩባንያዎች ስብስብ ስሙ በሶቶ ቋንቋ «የተስፋ ስፍራ» ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ሕክምናው ከቀድሞው ተሻሽሎ ነበር፤ የሟቾች ቁጥር ቀንሷል። ይህን የምለው ሽሙጤን አቁሜ ነው። ችግሩ ሒሳቡ ላይ መጣ። ኦክስፋም የተባለው የረድኤት ድርጅት በ2014 የአገሪቱን የጤና በጀት 51 በመቶ ይህ አንድ ሆስፒታል እየወሰደው ነው አለ፤ የዓለም ባንክ ሰዎች የለም ያን ያህል አይደርስም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ራሱ አይገርምም? ተራራ ለተራራ የተበተነው የጤና ጣቢያ ሁሉ ቀሪውን ሲካፈል፣ የተስፋው ስፍራ ዋና ከተማው ላይ ቁጭ ብሎ ግማሹን በላ ወይስ ሲሶውን። በ2021 ውሉ ፈረሰ። ስሙ ግን አሁንም ቆንጆ ነው።

ቱርክ ያሉት የበለጠ ቆራጦች ናቸው። «የከተማ ሆስፒታል» ብለው ከሰማይ የሚታዩ ሕንፃዎችን ለ25 ዓመት ኪራይ አሠሩ። የአንካራው ከሦስት ሺህ በላይ አልጋ አለው። ለላቦራቶሪውና ለራጁ ዓይነት አገልግሎት መንግሥት ቢያንስ 70 በመቶ ያህል ሥራ እንደሚኖር ዋስትና ሰጠ። ሰው መጣም ቀረም ይከፈላል። እዚህ ጋ ነው የዜግነት ግዴታ የሚመጣው። ሳይታመም ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የአገሩን ገንዘብ እያባከነ ነው። ለአገር የሚያስብ ቢያንስ በወር አንዴ ደሙን ይስጥና ይመርመር። መሀል ከተማ የነበሩት አሮጌ ሆስፒታሎች ስለተዘጉ ጉዞው ይረዝማል፤ ግን መንገድ ላይ የሚብስበት ሰው ሲደርስ ብዙ ምርመራ ስለሚያስፈልገው ዋስትናውን ያግዛል። የውሎቹ ዝርዝር «የንግድ ምሥጢር» ነው። ያስኬዳል። የሐኪምና የታካሚ ምሥጢር ይጠበቅ እንል የለ? የኩባንያስ ለምን አይጠበቅም?

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን «የማኅበረሰብ ሆስፒታል» የምትለዋን ስም ነው። ማኅበረሰቡ የሚገባባት በር ጠባብ ብትሆንም ሁሌም ትኖራለች። ከመሠረት ድንጋዩ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የምክክር ስብሰባ ነበር። ቦታው ተመርጧል። የአልጋው ብዛት ተወስኗል። የትኛው ሕክምና እንደሚሰጥ፣ የትኛው እንደማይሰጥ ተፈርሟል። ለእኛ የቀረበልን የጣሪያው ቀለም ነው። ሰማያዊ ወይስ አረንጓዴ? አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከርን፤ እንዲያ ያለ ዲሞክራሲ አይቼ አላውቅም። አንዲት እናት ተነሥተው «ልጄ፣ ምጥ ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ሌሊት አዋላጅ ይኖራል ወይ?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ቃለ ጉባኤ ያዡ አጠገቤ ነበርና አየት አደረግሁ። «ማኅበረሰቡ ደስታውን ገልጿል» ብሎ ጻፈ። ከሥሩም በቅንፍ፣ «አረንጓዴ»።

አዋላጇማ በውሉ ውስጥ የለችም። ውሉ የሕንፃ ነው። እንዲህ ባሉ ውሎች ብዙዎቹ ላይ ኩባንያው ግድግዳውን፣ አምፖሉን፣ ሊፍቱን ይዞ ሐኪሙንና ነርሷን ለመንግሥት ይተዋል። የበጀት መቀስ ደግሞ ውል ያለውን አይነካም፤ የሚቆርጠው ውል የሌለውን ነው። አምፖሉ ለሠላሳ ዓመት ዋስትና አለው። አዋላጇ የላትም። ስለዚህ ጊዜው ሲከፋ ክፍሉ ብርሃን ይሆንና በውስጡ ማንም አይኖርም። ደግሞ ሕክምና ይለወጣል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ አንድን ክፍል ለሌላ አገልግሎት እናውለው ቢባል ግድግዳው የእኛ አይደለም። የለውጥ ጥያቄ ይጻፋል፣ ይጠናል፣ ይተመናል፣ ይከፈላል። ግድግዳው በሽተኛውን ባያድንም ራሱን ችሎ ይኖራል።

የመሠረት ድንጋዩ ዕለት ንግግሩ ሲያልቅ እኚያ እናት ወደ መስታወቱ ሣጥን ተጠግተው አየኋቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ ፈለጉ። በጣታቸው መስታወቱን እየነኩ «ካርድ የሚወጣው በየትኛው በር ነው?» አሉ። አንድ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት መሐንዲስ አጠገባቸው ቆሟል፤ ትሑት ልጅ ነው። «እማማ፣ እሱ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው» አላቸው።

«ማዋለጃውስ?»

«እሱም ምዕራፍ ሁለት።»

«አንደኛው ምዕራፍ ምንድነው ልጄ?»

ልጁ ዞር ብሎ ድንጋዩን አየ። እሳቸውም አዩት። ፎቶ አንሺው ሁለቱንም «ትንሽ ዞር በሉልኝ» አላቸው።

ከዚያ ሕዝቡ ተበተነ። ምንጣፉ ተጠቀለለ። አካፋዋን ሪባኗን ፈተው የሆነ ሰው ወሰዳት። ሆስፒታሉን አራት ሰዎች ተሸክመው ወደ መኪና ሲያስገቡት አንደኛው እግሩን ጭቃው አዳለጠውና ሣጥኑ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። የአምቡላንሷ ሙጫ ለቀቀ መሰለኝ፣ ከዛፎቹ ሥር ተነሥታ በአረንጓዴው ሣር ላይ ተንሸራተተችና የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ሄዳ ገጭ አለች።

«ደረሰች!» አለ አንድ ትንሽ ልጅ።