መቺውና ተመቺው ልጅ አንድ ሲሆን

ስለ ጉርምስና ጠበኝነት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ከወላጅ ጋር ያለ ቅርበትና ራስን መግዛት ጠበኝነቱን እንደሚቀንሱ ይናገራል። እስማማለሁ። ስለሚጠቁት ልጆች የተባለው ግን በጣም አጠረብኝ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ እሱ ነው።

የወንጀል ጥናት ምሁራኑ ጎትፍሬድሰንና ሂርሺ በ1990 እ.ኤ.አ. ራስን የመግዛት አቅም በዋናነት በልጅነት፣ በወላጅ አያያዝ እንደሚቀረጽ ጽፈዋል። ወላጅ ልጁን ይከታተላል፣ ጥፋቱን ያስተውላል፣ ያርመዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላው የወንጀል ጥናት ምሁር ክሪስቶፈር ሽሬክ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ተጠቂዎች ወሰደው። ስሜቱን መግታት የሚከብደው ልጅ ለጥቃትም ይበልጥ ይጋለጣል። ቶሎ ይቆጣል፣ ለትንሽ ነገር አፍ ይመልሳል፣ አደጋውን ሳያይ ይገባበታል። ዛሬ የመታው ልጅ ነገ ተመትቶ ሊመጣ ይችላል። እባካችሁ፣ ይሄ "የእጁን አገኘ" ለማለት አይደለም! ጥፋቱ ምንጊዜም የመቺው ነው።

የወላጅ ቅርበት ዋጋው የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ቁጥጥር ብቻውን አይበቃም። ወላጅ የልጁን ውሎ በደንብ የሚያውቀው ልጁ ራሱ ሲነግረው ነው። የሚነግረው ደግሞ ካልፈራ ነው። ተመትቶ የመጣን ልጅ "አንተስ ምን አድርገህ ነው?" ብሎ መቀበል አፉን ያዘጋዋል። በዱላ ራስን መግዛት ይማራል የሚሉም አሉ። ልጁ የሚያየው ግን የተናደደ ትልቅ ሰው እጁን ሲያነሳ ነው።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጁ ቁጡ ስለሆነ ወላጁ ታክቶት የሚርቀውስ ጊዜ? እሱም በሰፊው ቢጻፍበት ደስ ይለኛል።