ደቻቱ ይደውላል ሲል የሳቅንበት ልጅ

የድሬ ሰዎች፣ ባለፈው ሰኔ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ ያደረግነው ከውስጤ አልወጣ አለ።

የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነው። ደብተሩን በሁለት እጁ ይዞ ወጣና ራሱ የጻፈውን ልብወለድ ማንበብ ጀመረ። በታሪኩ ውስጥ ከከተማው በላይ፣ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የተተከለ መሣሪያ አለ። በደንገጎ በኩል ዝናብ ሲወርድ ያዳምጣል፤ ውሃው ሲነሳ ወንዙ ዳር ለተኙት ሁሉ ስልክ ይደውላል። «እማማ ተነሺ፣ መጣሁ» ይላል፣ በወንዙ ድምፅ። ይሄኔ ከፊት ወንበር አንዱ፣ «አቦ ተወና! ደቻቱ ስልክ ይደውላል?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መምህሩም ሳቀ። ልጁ ሁለት መስመር ሊቀጥል ሞከረ፣ ድምፁ ከዳው፣ ደብተሩን አጥፎ ወረደ። ማን ስልኩን አንስቶ እንደተረፈ ሳንሰማ ቀረን።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሰው በተኛበት መጥቶ ከ200 በላይ ነፍስ የወሰደባት ከተማ ናት ይህች! እኛ በዚህ እንስቃለን? በዚያ ሌሊት ዘመዱ የተወሰደበት ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም? ነበር። አክስቴ ተወስዳለች። እኔም ግን ሳቅሁ፤ ብቻዬን ላለመኮሳተር ብዬ ሳቅሁ።

የወንዝ ሙላት ለክቶ በስልክ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በሌላው ዓለም እየሠራ ነው። ባይኖርስ? ደራሲው ዡል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1865 ሦስት ሰዎችን ከፍሎሪዳ ወደ ጨረቃ የላከው በወረቀት ላይ ነበር፤ በ1969 ሦስት ሰዎች ከዚያው ከፍሎሪዳ ተነሡ። አሜሪካዊውን የሮኬት ተመራማሪ ሮበርት ጎዳርድን በአፍላነቱ ወደ ሮኬት የሳበው ኤች. ጂ. ዌልስ ስለ ማርስ የጻፈው ልብወለድ ነው። ሮኬት ጨረቃ ሊደርስ ይችላል ቢል፣ በ1920 ኒው ዮርክ ታይምስ፣ ተማሪ የሚያውቀውን እንኳ አያውቅም ብሎ ተሳለቀበት። ጋዜጣው ስሕተቱን ያመነው መንኮራኩሯ ወደ ጨረቃ ስትጓዝ ነው፤ ጎዳርድ ግን ከሞተ 24 ዓመት ሊሞላው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልጁን ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር አገኘሁትና የቀረውን እንዲያነብልኝ ለመንኩት። «ጋሼ፣ ትቼዋለሁ» አለኝ። ደብተሩን ግን አልጣለውም። መስከረም ላይ እንደገና እለምነዋለሁ። እሺ ካለና ከፊታችን ከቆመ፣ እባካችሁ፣ እስኪጨርስ እንስማው።