የበግ ልብ ጨዋታ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ የምትማርበት የኮምቦልቻ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አንድ ውሳኔ አነበቡ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የቡድን ሥራም ሆነ “ጨዋታ” የለም። ኖትና የጥያቄ ወረቀት ብቻ። ባዮሎጂ የሚሸመደድ ትምህርት ነው፣ ሌላው ጊዜ ማባከን ነው አሉ። ወላጁ አጨበጨበ። እኔ ደሴ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ እጄ ለጭብጨባ አልነሳ አለኝ።

የሚሸመደድ? ሽምደዳውማ ተሞክሯል እኮ! የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የወደቁት ጨዋታ በዝቶባቸው ነው? ኖት ሲገለብጡ ነው የከረሙት።

ስለ ልብ ልንገራችሁ። ከልኳንዳ የበግ ልብ እገዛለሁ፤ አንድ ልብ ለአስር ልጅ። መጀመሪያ ሁሉም አፍንጫውን ይይዛል። “በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉት” እላለሁ። አንዱ ጎን ልል ነው፣ ሌላው ጠጣር። ለምን እንደሆነ አልነግራቸውም። በቢላ እንከፍተዋለን። ደም ገፍቶ የሚያስወጣው የታችኛው ክፍል፣ ቬንትሪክል የምንለው፣ የግራው ግድግዳ ከቀኙ በጣም ይወፍራል። የደም በሮቹን፣ ቫልቮቹን፣ የያዙትን ነጫጭ ክሮች ይስቧቸዋል፤ በቀላሉ አይበጠሱም። ያኔ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አምና ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ ያላለች ልጅ እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ ቀኙ ደም የሚልከው ለጎረቤት ነው፤ ለሳንባ። ግራው ግን እስከ እግር ጣት ድረስ ሩቅ ዘመድ አለበት።” እኔ በሰሌዳና በጠመኔ ሦስት ክፍለ ጊዜ የፈጀሁበትን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ወፍራም ግድግዳ ያለው የትኛው ነው የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ ቢመጣ ይህች ልጅ ከአራት ምርጫ አትገምትም። ጣቷ ያውቀዋል። ይህ ነው ጨዋታ የተባለው!

ላብራቶሪ የለንም የሚል ሰበብም ሰማሁ። ድንች የሌለበት ቤት አለ? ከፋርማሲ የቁስል ማጠቢያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዙና ጥሬ ድንች ላይ ጠብ አድርጉት፤ አረፋ ይደፍቃል። የተቀቀለው ላይ ጠብ አድርጉት፤ ዝም ይላል። አረፋውን የሚያስነሳውን የድንቹን ኢንዛይም ሙቀት እንደሚያበላሸው ልጁ በዓይኑ አየ። ጾም ነው፣ ሥጋ አንነካም ለሚሉም ይሆናል። ደግሞ ኮምቦልቻ ወባ የምታውቅ ከተማ ናት። ከክረምት በኋላ ልጆቹን ወደ ኩሬ ይዞ መውጣት ነው። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድሞ ይንሳፈፋል፤ ኩሌክስ የሚባለው የሌላው ዓይነት ትንኝ እጭ ግን ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ይህን ለይቶ ያወቀ ልጅ ለሰፈሩም ይተርፋል።

አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ይዞ ይህን መሥራት ያደክማል፤ አልክድም። መምህር የተቀጠረው ግን ለዚሁ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ያንን ውሳኔ ይሻሩት። የልብ መግዣ ከቸገረ እኔው ገዝቼ በሚኒባስ ከደሴ እወርዳለሁ።