እርማት፦ ሉፐስ ያለባት ነፍሰ ጡር መድኃኒቷን ሁሉ ታቁም?

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ ነው። «ሉፐስ ያለባት ሴት ማርገዟን እንዳወቀች መድኃኒቷን ሁሉ ታቁም» የሚለው ምክር ስህተት ነው፤ አደገኛም ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው የሉፐስ መድኃኒት በእርግዝናም በጡት ማጥባትም ይቀጥላል። መጠኑ በቀን፣ በኪሎ ክብደት እስከ 5 ሚሊግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለምትመዝን በቀን ቢበዛ 300 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ካቋረጠችው በሽታው ሊያገረሽ ይችላል፤ ኩላሊትን ካጠቃ ደግሞ የደም ግፊትና ያለጊዜው መውለድ ያሰጋል። (ለነገሩ መድኃኒቱ ከሰውነት ተጠርጎ ለመውጣት ወራት ስለሚፈጅ፣ ያን ዕለት ማቆሙ ፅንሱን ከመድኃኒቱ አያርቀውም።)

መቆም ያለባቸው ፅንስን የሚጎዱ ሌሎች የሉፐስ መድኃኒቶች ናቸው፤ ያውም ከማርገዝ በፊት። ማይኮፌኖሌት ቢያንስ 6 ሳምንት፣ ሜቶትሬክሴት ከ1 እስከ 3 ወር ቀድሞ ይቆማል። ብዙ ጊዜ በእርግዝና ሊወሰድ በሚችለው በአዛታዮፕሪን ይተካሉ። ማይኮፌኖሌት ወይም ሜቶትሬክሴት እየወሰደች ካረገዘች ያኑ ዕለት ሐኪሟን ታግኝ።