የዳቦ ክብር መቅደስ ውስጥ ነው ወይስ ደጅ ላይ?

ጥያቄው አንድ ነው፦ ለክርስቲያን የዳቦ ትልቁ ትርጉም የት ነው? አንድ የአራት ኪሎ ዲያቆንና አንዲት የፒያሳ ምእመን ተከራክረውበታል።

ዲያቆኑ፦ በዓል በመጣ ቁጥር «ዳቦ የእምነታችን ምልክት ነው» ይባላል። ድፎው፣ ሙልሙሉ፣ ጸበል ጸዲቁ ሁሉ አንድ ላይ ይጨፈለቃል። የመሠዊያው ኅብስት ግን ምልክት ብቻ አይደለም። ከስንዴ ዱቄት፣ እርሾ ገብቶበት፣ ቤተልሔም በሚባለው የቤተ ክርስቲያኑ ቤት ይጋገራል። መስቀል ይታተምበታል፤ በመሶበ ወርቅ፣ በኅብስቱ መያዣ፣ ወደ መቅደስ ይገባል። ከተቀደሰ በኋላ አማናዊ፣ ማለትም እውነተኛ፣ የክርስቶስ ሥጋ ነው። ቆራቢው 18 ሰዓት የሚጾመውም ለዚህ ነው። ለድፎ ማን ይጾማል?

ምእመኗ፦ ለድፎማ 55 ቀን እንጾማለን! የፋሲካ ሌሊት የሚቆረሰው ምን ሆነና? ቀልዱ ይቆየንና፣ በወር በ23 አራዳ ጊዮርጊስ ብቅ ይበሉ። አንዷ ደጁ ላይ ከፌስታል ዳቦ አውጥታ በእጇ ትቆርሳለች። ተቀባዩ መጀመሪያ ይስመዋል፣ ግንባሩን ያስነካዋል፣ ከዚያ ይበላል። ዳቦው ከማን እንደመጣ አልጠፋውም። ደግሞ ዮሐንስ ምዕራፍ 6ን ይግለጡ። ጌታ «የሕይወት እንጀራ እኔ ነኝ» ያለው 5 የገብስ እንጀራና 2 ዓሣ አበርክቶ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ነው። ሆድ ቀደመ፤ ትምህርቱ ተከተለ።

ዲያቆኑ፦ እህቴ፣ ከጀመሩት አይቀር ምዕራፉን ይጨርሱት። በማግስቱ ፈልገው ሲያገኙት የመጡት እንጀራ በልተው ስለጠገቡ እንደሆነ ነገራቸው፤ ለሚጠፋ መብል አትሥሩ አላቸው። ሥጋዬን ብሉ ሲላቸው ደግሞ ብዙዎቹ ጥለውት ሄዱ። ለሆዱ የመጣ ሰው ሁሉ ለክርስቶስ ሥጋ አልቆየም።

ምእመኗ፦ ወቀሳቸው፤ ግን መጀመሪያ አብልቷቸዋል። ጳውሎስስ 1ኛ ቆሮንቶስ 11 ላይ የተቆጣው ለምንድን ነው? በጌታ እራት አንዱ እየተራበ ሌላው ስለሰከረ አይደል! እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቅዳሴ ሲያበቃ ለቁርባን የሚሰለፈው በአብዛኛው ሕፃንና አረጋዊ ነው። ጎልማሳው ዳር ቆሞ ያያል። ለእሱ የቀረለት የደጁ ዳቦ ነው።

ዲያቆኑ፦ ችግሩማ እሱ ነው። ደጅ ላይ ዳቦ አድሎ ዕዳውን የጨረሰ ይመስለዋል። ንስሐ ሲባል «ገና ነኝ» ይላል፤ ዝክር ሲባል ግን ቀዳሚ ነው። ስጡ፣ ማን ከለከለ? ግን በድፎው ቁርባኑን አትተኩት።

ምእመኗ፦ አልተካሁም። ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ፦ የቆረበ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ በየት በኩል ነው የሚወጣው? ነዳያኑ ከሚቀመጡበት በር ሌላ አለ እንዴ?