ቡናው ሰበብ፣ በርጩማው ገበያ

አዲስ አበባ ውስጥ በየሕንፃው ጥግ ጀበና የጣደችው ሴት የምትሸጠው ቡና ነው የሚል ሰው ንግዱ አልገባውም። የምታከራየው በርጩማ ነው። ሲኒዋ ደረሰኝ ናት።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ታጥቦ ሲቆላ ከ150 እስከ 200 ግራም ያህሉ ከእርጥበቱና ከገለባው ጋር ይሄዳል። የቀረው ተፈጭቶ ለሲኒ 8 ግራም ገደማ ቢደርስ 100 ሲኒ ያህል ይወጣዋል። መካከለኛ ጀበና አንዴ ተጥዶ ከ8 እስከ 10 ሲኒ ይቀዳል። 8 በርጩማ ያላት ሴት፣ ደንበኛው ሁሉ በ10 ደቂቃ ጠጥቶ ቢነሣላት፣ በሰዓት 48 ሰው ታስተናግዳለች፤ ኪሎው ከሁለት ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። ወረቀት ላይ ሲታይ ያስቀናል። ወረቀቱ የረሳው ደላላውን ነው።

ደላላው ጠዋት 2:30 ላይ ይመጣና ግድግዳውን የተደገፈውን በርጩማ ይይዛል፤ ከኋላው ማንም እንዳያልፍ። አንድ ሲኒ ያዛል፣ ስኳር በልክ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ «ቢሮ ነኝ፣ ቢሮ ድረስ ብቅ በል» ይላል። ባለጉዳዩ ይመጣል። ቢሮው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍታ ያለው ሰማያዊ ፕላስቲክ ሆኖ ያገኘዋል። ሻጭም ገዢም ባለ ካርታም እዚያው ሲፈራረቁ፣ ሲኒው ሥር ያለው አተላ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሚሊዮኖች ይጠራሉ፤ የሚከፈለው ግን ያው የአንድ ሲኒ ነው።

4 ሰዓት ላይ ተራው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ነው። ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ስለሚወጣ ቢሮው ውስጥ «አሉ» ይባላል፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ደግሞ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። ስብሰባው ስድስት ሰው ይዟል፤ አጀንዳው የትናንቱ የአርሴናል ጨዋታ ነው።

እነዚህን ማስነሣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ተነሣ» የምትል ሴት በሳምንቱ ጀበናዋን ሸጣ ትሄዳለች። የበሰለችዋ መጀመሪያ ሲኒውን ታነሣለች፤ ሲኒ የሌለው እጅ መሬት መሬት ያያል። ካልሠራ «ልድገምህ ወንድሜ?» ትላለች፣ በየአምስት ደቂቃው፣ በፈገግታ። ካልሠራ ከሰሉን ታራግባለች፤ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ከማንም የሜትሮሎጂ ባለሙያ በላይ ታውቃለች። የመጨረሻው መሣሪያ ጃንጥላው ነው። ፀሐይ ስትዞር ጃንጥላውን አለማዞር በየትኛውም ሕግ ወንጀል አይደለም። 6 ሰዓት ላይ አናቱ የጋለ ደላላ «ቢሮ ልቀይር» ብሎ ራሱ ይነሣል።

ታዲያ ገና ሲመጣ ለምን ታስቀምጠዋለች? ባዶ በርጩማ ሰው አይጠራማ። መንገደኛ ሰው የተቀመጠበትን አይቶ ነው የሚቀመጠው፤ ማንም የሌለበት ጀበና ዘንድ ቡናው የከረመ፣ ባለቤቲቱም የተጣላች ይመስለዋል። ስለዚህ ጠዋት ያንኑ ደላላ «አባቴ፣ ደኅና አደርክ» ብላ ተቀብላ፣ ከመንገድ በደንብ የሚታየውን ያንን የግድግዳ ጥግ በርጩማ ትለቅለታለች። ለማስታወቂያ ድርጅት የምትከፍለውን በአንድ ሲኒ ጨረሰች ማለት ነው። ችግሩ ማስታወቂያው እስከ ምሳ ሰዓት አለመውረዱ ነው።

በርጩማው ፕላስቲክ የሆነው ለውበት አይደለም። የእንጨቱ አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። ፕላስቲኩ ግን ስምንቱም አንድ ላይ ተነባብሮ በአንድ ክንድ ይታቀፋል፤ ይህ ደግሞ «ደንብ መጣ!» ሲባል ነው የሚታወቀው። ያን ጊዜ የሚነሣው በተራ ነው፦ ገንዘቡ፣ ረከቦቱ ከነሲኒው፣ በርጩማው፣ ከዚያ ጀበናው። ማንደጃው ስለማይጨበጥ ለደንብ አስከባሪው ይቀራል። ሲኒ በእጁ የያዘ ደንበኛም አብሮ ይሮጣል፣ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ። ፕላስቲክ ጉድለትም አለው፤ ፀሐይ ካደረቀው በኋላ እግሩ ሳይነግር ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ሞላ ያሉ ሰውዬ ሲመጡ ሳይጠይቁ ሁለት ተደርቦ የሚቀርብላቸው። በደረበችው ቁጥር አንድ ደንበኛ እንደምትከስር ልብ ይሏል።

ቡናውም ቢሆን ዝም ብሎ አይፈላም። አዲስ ጀበና በቡና አተላ እየፈላ ካልተሟሸ የሚቀዳው የሸክላ ሠሪዋ መንደር አፈር ነው። በጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የጨመረች ከሰሉን አጥፍታ፣ ጀበናውን ሰንጥቃ፣ ቀኑን ዘጋች። አንገቱ ድረስ ከሞላች ዱቄቱ ሲገባ ይገነፍላል። በማቶቱ ላይ ጋደም ብሎ ጥቂት ደቂቃ ካልሰከነ ደግሞ ደንበኛው ቡናውን ማኘክ ይጀምራል፤ የቸኮለው ግን ራሱ ነው። ቤት ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለ፤ ጎዳና ላይ ሁሉም አቦል ከፋይ ነው። በአተላው ላይ ውኃ የደገመች ዕለት፣ የስኳር ውኃ ቢቀዳለት ልዩነቱን የማያውቀው ሁሉ ቀማሽ ይሆናል፦ «እህቴ፣ ይሄማ በረካ ነው!» ቄጤማው በየቀኑ ይገዛ ስለነበር የሚታጠብ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኗል። ስለ እሱ ማንም አላማረረም።

ካርቱምም ከጦርነቱ በፊት «ሲት አል ሻይ» የሚባሉት ሴቶች፣ በመካከላቸውም ብዙ የእኛና የኤርትራ ልጆች፣ በየዛፉ ጥላ ሥር ሻይና ዝንጅብል ያለበት የጀበና ቡና ይሸጡ ነበር። እዚያም መቀመጫው አጭር፣ ወሬው ረጅም ነበር። የከተማ ሰው የትም አንድ ነው።

ክፍያው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይጠጥራል። ጥሬ ብር ያለው ሰው ድፍን ባለ 200 ዘርግቶ ዝርዝር እንድትወልድ ይጠብቃል። ቴሌብር ያለው ስልኩን ያሳያታል፤ ብልኋ ግን የእሱን ስልክ አታይም፣ የራሷን ነው የምታየው። ከ127 መልእክት ካልገባ ስክሪንሾት ሥዕል ነው። «ኔትወርክ ነው እኮ» ይላል። «እሺ ወንድሜ፣ እስኪመጣ ቁጭ በል» ትለዋለች፤ ያለ ቡና መቀመጥ ደግሞ እንደምናውቀው በርጩማ ማባከን ነው። በመኪና መስኮት ያዘዘው ከነሲኒው ይሄዳል። በወር መጨረሻ የሲኒው ኪሣራ ከስኳሩ ጋር ይፎካከራል፤ የቀን ዕቁቡ ግን ሲኒ ጠፋ፣ ዘነበ፣ ጾም ገባ አይልም፣ ሰብሳቢው 11 ሰዓት ላይ ደብተሩን ይዞ ከች ነው።

እሷም የራሷ ደብተር አላት፤ የዱቤ። ባለዕዳው ስሙን ስለማይናገር የሚጻፈው በምልክት ነው፦ «መነጽር 3፣ ቀይ ሹራብ 5፣ ደላላው 11»። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀይ ሹራብ ነገ ጥቁር ጃኬት ለብሶ ይመጣና «እኔ? መቼ?» ይላል። ልምድ ያላት የማይወልቀውን ብቻ ትጽፋለች፦ «ፍንጭቱ 4፣ ራሰ በራው 7»። ራሰ በራው አንድ ቀን ደብተሩን አጮልቆ አየና ሰባቱንም እዚያው ከፈለ፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ኮፍያ አድርጎ ነው።